ላም ሣር አትበላም

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ባክቴሪያ ንገረን፤ ብቻ ሰዉን እንዳታስተኛብን» ብለውኛል። እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ ስለዚህ በአንድ በሬ ሞት እጀምራለሁ።

ልጅ ሳለሁ ዳመና የሚባል በሬ ነበረን። ገብስ ተወቅቶ አውድማ ላይ ባደረበት አንድ ሌሊት ዳመና ከበረት አምልጦ ወጣና ክምሩን አገኘው። እስኪጠግብ በላ። ጠዋት ስንደርስ ቆሞ ነበር፤ ግራ ጎኑ ተወጥሯል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ማመስኳቱን ትቷል። ከሰዓት በኋላ ተኛ፤ በማግስቱ አልተነሣም። ጎረቤት ተሰብስቦ ግማሹ «ቡዳ በልቶት ነው» አለ፤ ግማሹ መርዝ ያበላ ጠላት ፍለጋ በጎሪጥ ተያየ። አባቴ ብቻ «እህሉ ነው የገደለው» አለ። «እህል እንዴት ይገድላል?» ብዬ ስጠይቀው ዝም አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የእንስሳት ሕክምና ስማር ነው። ዳመናን የገደሉት ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልቡት የኖሩት የራሱ ጨጓራ ባክቴሪያዎች ናቸው። በዚያች ሌሊት ከውጭ የገባ ጀርም አልነበረም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ርእስ ያደረግሁትን ዐረፍተ ነገር ላስረዳ። ላም ሣር ታጭዳለች፣ ታኝካለች፣ ትውጣለች፣ መልሳ ታመሰኳለች። ነገር ግን ሣር ሊፈጭላት አይችልም። የሣር አካል በአብዛኛው የተሠራው ሴሉሎስ ከሚባል የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ላምም ሆነች በግ፣ ፈረስም ሆነ ሰው ይህን ሰንሰለት የሚበጥስ ኢንዛይም በራሱ አካል አይሠራም። የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና ጥቂት ሌሎች ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ላሟ ለእነርሱ ቤት ሆናለች። ትልቁ ጨጓራዋ ሙቀቱ 39 ዲግሪ አካባቢ የሆነ፣ ኦክስጅን የማይደርስበት፣ ምራቅ ሳያቋርጥ የሚፈስበት ጋን ነው። ከዚያ ጋን አንዲት የሻይ ማንኪያ ብትቀዱ፣ በውስጧ ያሉት ባክቴሪያዎች ከዓለም ሕዝብ ቁጥር በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ሣሩን ያብላሉና አሲድ ያወጣሉ። ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ አንዱ ነው። ላሟ ኃይሏን በአብዛኛው የምታገኘው ከእነዚህ አሲዶች ነው፤ በጨጓራዋ ግድግዳ በኩል ወደ ደሟ ይገባሉ። ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ተባዝተው ከምግቡ ጋር ሽንፍላውን አልፈው ወደ አራተኛው የሆድ ክፍል ይወርዳሉ። እዚያ አሲድ ይጠብቃቸዋል፤ ከአሲዱም ጋር ላይሶዛይም የሚባል፣ የባክቴሪያን ቅርፊት የሚሰብር ኢንዛይም አለ። ይኸው ኢንዛይም በእኛ እንባ ውስጥ ዓይናችንን ከጀርም ይጠብቃል፤ ላም ግን ለምሳዋ ትጠቀምበታለች። ከፕሮቲኗ ብዙውን የምታገኘው እነዚህን ባክቴሪያዎች ፈጭታ ነው። ስለዚህ ሣሩ የባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው፤ ላሟ የምትበላው ባክቴሪያ ነው። ነገ ጠዋት ማኪያቶ ስታዙ ወተቱ በየት በየት አልፎ እንደመጣ ታስቡ ይሆናል።

አሁን ወደ ዳመና እንመለስ። ሴሉሎስ በዝግታ የሚበላ ነገር ነው፤ ስለዚህ አሲዱም በዝግታ ይመጣል፣ ምራቁ ያበርደዋል። ገብስ ግን በአብዛኛው ስታርች ነው፤ እርሱም የስኳር ሰንሰለት ነው፣ ግን ቶሎ የሚበጠስ። ስታርች በድንገት ሲጎርፍ፣ በደኅናው ጊዜ በጥቂት ቁጥር የሚኖሩ ፈጣን ባክቴሪያዎች ተራ ያገኛሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ስትሬፕቶኮከስ ቦቪስ፣ ሲመቸው በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። የሚያወጡት ላክቲክ አሲድ ነው፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ። ጨጓራው ይኮመጥጣል፣ ሣር ፈጪዎቹ ያልቃሉ፣ ግድግዳው ይቆስላል፣ የሰውነቱ ውኃ ከደም ሥር ወደ ጨጓራው ይሳባል። በሬው ሆዱ በውኃ ተሞልቶ በውኃ ጥም ይሞታል። አባቴ ልክ ነበር።

በሄድኩበት ሁሉ ሰዎች አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ይሄ ባክቴሪያ ጥሩው ነው መጥፎው?» ይላሉ። ጥያቄውን አልወደውም። እኔ ደጋግሜ የምጠይቀው «የት ነው ያለው? ምንስ አገኘ?» ብዬ ነው። የዛሬ ንግግሬ በሙሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ሉኪኒያን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የግብርና ባለሙያዎች ለከብት መኖ ብለው በየአጥሩ ያስተከሉት ቅጠለ ደቃቅ ዛፍ ነው። ፕሮቲኑ ብዙ ነው። ነገር ግን ማይሞሲን የሚባል መርዝ አለበት። አውስትራሊያ ውስጥ ሉኪኒያ አብዝተው የበሉ ከብቶች ፀጉራቸው ይረግፍ፣ እንቅርት ያወጡ፣ ይከሱ ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የሚባል የዚያ አገር ተመራማሪ ግን አንድ ነገር አሳሰበው፤ ሃዋይ ያሉ ፍየሎች ያንኑ ቅጠል እየበሉ ምንም አይሆኑም። ምሥጢሩ ከፍየሎቹ ሆድ ውስጥ እንጂ ከፍየሎቹ ዝርያ እንዳልሆነ ጠረጠረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሃዋይ ፍየሎች ጨጓራ የተቀዳ ፈሳሽ ወደ አውስትራሊያ ተወሰደና ለእንስሳቱ ተሰጠ። መርዙ መርዝ መሆኑ ቀረ፤ ከብቶቹ ሉኪኒያ በልተው ሰቡ። መርዙን የሚበላው ባክቴሪያ በኋላ ተለይቶ ወጣ፤ በ1992 ስም ሲወጣለትም ሲነርጂስቴስ ጆንሲ ተባለ፣ በጆንስ ስም መሆኑ ነው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለሌላ ምክንያት ነው። ባክቴሪያው ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የሚተላለፈው አብረው ሲውሉ ነው፤ ስለዚህ ጥቂቱን ማከም መንጋውን ማከም ሆነ። ተላላፊ በሽታ እንጂ ተላላፊ ጤና ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከበረት ወጥተን ወደ ማሳ እንሂድ። ባቄላ በሚያብብበት ሰሞን አንዷን ከሥሯ አውጡ። በእጅ አትጎትቷት፤ በዶማ ከነአፈሯ አንሡና ውኃ ውስጥ አለቅልቋት፤ አለዚያ የምንፈልገው ነገር ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ሥሯ ላይ እንደ ዶቃ የተሰኩ ትናንሽ እባጮች ታያላችሁ። በሽታ ነው ብለው የሚነቅሉ ገበሬዎች ገጥመውኛል። አንዱን እባጭ በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ነው፤ ተክሏ ከእባጩ ውስጥ ኦክስጅኑን እየያዘች የምታመጣጥንበት። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ተከራዩ ኪራይ አይከፍልም ማለት ነው።

እባጩ ውስጥ ያሉት ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በ1888 ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ለይቶ አወጣቸው። ሥራቸው ከአየር ላይ ናይትሮጅን መያዝ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ግን ተክል እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። የማዳበሪያ ፋብሪካ ይህንኑ ናይትሮጅን ለመያዝ ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከመደበኛው አየር ከመቶ እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ያስፈልገዋል። ባክቴሪያው በባቄላ ሥር ላይ፣ በአፈር ሙቀት ይሠራዋል። ተክሏ በምላሹ ስኳር ትሰጠዋለች። አባቶቻችን ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ከስንዴና ከጤፍ ጋር እያፈራረቁ መዝራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱን በዓይናቸው አያዩትም እንጂ ውጤቱን ከጎተራው ያውቁት ነበር።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሁሉም ባክቴሪያ ከሁሉም ሰብል አይስማማም። የባቄላው ለአተርና ለምስር ይሆናል፤ ሽምብራ የራሱ አለው፤ አኩሪ አተር ደግሞ ሌላ። ሥሩ ኬሚካል እየላከ ይጠራል፣ ባክቴሪያው በራሱ ኬሚካል ይመልሳል፤ ካልተግባቡ በር አይከፈትም። አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ዘሩን ከባክቴሪያ ዱቄት ጋር አሽቶ መዝራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ዩሪያ የጠገበ መሬት ላይ የተዘራ ባቄላ እባጭ ማውጣቱን ይቀንሳል፤ በነጻ ካገኘች ለምን ስኳሯን ትከፍላለች? ሽሮ ስንበላ የምናገኘው ፕሮቲን ናይትሮጅኑ የመጣው ከዚህ ድርድር ነው። በጾም ወራት አገር የሚኖረው በእነዚህ እባጮች ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስካሁን ያነሣሁት ጤናን ነው። አሁን ስለ በሽታ ልናገር፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ የት ነው ያለው?

ኢ. ኮላይን ውሰዱ። በ1885 ጀርመናዊው ሐኪም ኤሸሪክ ከሕፃናት ሰገራ ለይቶ ያወጣው ባክቴሪያ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁላችን አንጀታችን ውስጥ አለ፤ ቫይታሚን ኬ ይሠራል፣ ለሌላ ጀርም ቦታ ይከለክላል። ያው ባክቴሪያ ሁለት ጣት ያህል መንገድ ስቶ ሽንት ፊኛ ውስጥ ከገባ ግን፣ ሴቶች እኅቶቼ የምታውቁት ማቃጠል ይመጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኦ157 የሚባለው ዓይነት ነው። የሚኖረው በላም አንጀት ነው። ላሟን አያማትም፤ የሚያመነጨው መርዝ የሚጣበቅበት ነገር በደም ሥሮቿ ላይ የለም። በእኛ ላይ አለ። በ1982 አሜሪካ ውስጥ ሀምበርገር የበሉ ሰዎች ደም ሲያስቀምጣቸው ነው ማንነቱ የታወቀው፤ በሕፃናት ላይ ኩላሊት እስከማቆም ይደርሳል።

ቁርጥ ወዳጆች ስትንቀሳቀሱ አያለሁ። አይዟችሁ፣ ክትፎ ላስጥላችሁ አልመጣሁም፤ አልችልምም። ግን ይህን እወቁ፤ የጤነኛ በሬ ጡንቻ ውስጡ ከሞላ ጎደል ባክቴሪያ የለበትም። ባክቴሪያው የሚመጣው ከቆዳውና ከአንጀቱ ነው። አራጁ ቆዳ የገፈፈበትን ቢላዋ ሳያጥብ ሥጋ ከቆረጠበት፣ አንጀቱ ተቀዶ ከፈሰሰ፣ ሥጋው መሬት ላይ ከተጎተተ፣ ያኔ ነው ባክቴሪያው ከቦታው የሚወጣው። ጥሬ ሥጋ ስትገዙ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን የአራጁን እጅ እዩ።

ብሩሴሎሲስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ነው። ላም በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ታስወርዳለች፤ ሰው ግን የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ይይዘዋል፤ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ ወራት ይፈጃል። በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ማልታ ደሴት ላይ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ባክቴሪያውን አወጣው። ከየት እንደሚመጣ ግን ሳይታወቅ ዓመታት አለፉ። በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለ ማልታዊ ሐኪም ከደሴቲቱ ፍየሎች ወተት እንደሆነ አሳየ። ፍየሎቹ ጤነኛ ይመስሉ ስለነበር ማንም አልጠረጠራቸውም።

ላሟን ለምን ያስወርዳታል? የላም የእንግዴ ልጅ ኤሪትሪቶል የሚባል የስኳር ዘመድ በብዛት አለው፤ ባክቴሪያው ደግሞ ከሌላው ምግብ ሁሉ ይህን ያስበልጣል። ስለዚህ እዚያ ይከትማል፣ ይባዛል፣ የእንግዴ ልጁን ያቆስላል። ከወረደው ጽንስና ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚወጣው ባክቴሪያ ስፍር ቁጥር የለውም። ይህን የምነግራችሁ ለአንድ ነገር ነው፤ ያስወረደች ላም ስትረዱ በባዶ እጅ አትንኩ። የእንግዴ ልጁንም ለውሻ አትጣሉት፤ ቅበሩት። ወተቱን አፍሉት። የቅሉን ወይም የጮጮውን ውስጥ በወይራ ማጠን ሽታውን ያሳምራል፣ የወተቱን መበላሸትም ያዘገያል፤ ብሩሴላን፣ ይህን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ፣ እንዲገድል ግን አትጠብቁ። እርጎ መሆኑም ዋስትና አይደለም። በቆላ ወገኖቻችን የግመል ወተት ጥሬውን እንደሚጠጡ አውቃለሁ፤ እዚያ ሄጄ «አፍሉት» ስል የሚስቁብኝ ሽማግሌዎች አሉ፤ ግመልም በዚህ በሽታ እንደምትያዝ ስነግራቸው ሣቁ ይቀንሳል።

ጥሬ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳንም ያመጣል። ግን ይህ ባክቴሪያ ሌላ ታሪክ አለው። ካልሜትና ጌራን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ከታመመች ላም የወጣውን ባክቴሪያ በበሬ ሐሞትና በግሊሰሪን በተቀቀለ ድንች ላይ አሳደጉት። በየሦስት ሳምንቱ ወደ አዲስ ድንች ያዛውሩት ነበር። 13 ዓመት፣ 230 ጊዜ። ድንች ላይ መኖር የለመደው ባክቴሪያ ሳንባ መጉዳቱን ረሳ፤ በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። ቢሲጂ የሚባለው ክትባት ይህ ነው። እጅጌያችሁን ሰብስቡና ክንዳችሁ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ እዩ፤ የአንዲት ፈረንሳያዊት ላም ባክቴሪያ ያረፈበት ነው።

አባ ሰንጋን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ሊሆን የሚችለው አንድ ነገር ነው። ባክቴሪያው በሞተ እንስሳ ገላ ውስጥ፣ ገላው ሳይከፈት ከቆየ፣ በመበስበሱ ይሞታል። ሰው ሥጋውን ወይም ቆዳውን ብሎ ሲከፍተው ግን ደሙ አየር ያገኛል፤ ባክቴሪያውም ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ስፖር ይሆናል፤ ስፖሩ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ያን ሣር የልጅ ልጆቻችሁ ከብት ይግጠዋል። በድንገት የሞተና ደሙ ሳይረጋ ከአፍ ከአፍንጫው የሚወጣ ከብት አትክፈቱ። ለአንድ ቆዳ ዋጋ መሬቱን ትሸጡታላችሁ።

በደቡብ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ እንሰት አለ። እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ሲገባ ቆጮ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በዚያው ተክል ላይ፣ ገና ቆሞ ሳለ፣ አጠውልግ የሚያመጣውም ባክቴሪያ ነው። አጠውልግን ለሳይንሱ ዓለም በ1968 ያስተዋወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ። በኋላ ሙዝ ላይም ታየ፤ ከ2001 ጀምሮ የኡጋንዳን ሙዝ አመሰ። ሰውን በቀጥታ አያምም፤ የሚወስደው ጓሮውን ነው። መድኃኒት የለውም። ዋናው አጓጓዡ ደግሞ ቢላዋ ነው፤ ከታመመው እንሰት ወደ ጤነኛው የሚሄድ ያልተቃጠለ ቢላዋ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ ስለቱን እሳት ላይ አግሙት። ጎረቤት ቢላዋ ሲዋስ ምግባረ ሰናይ ነው፤ ሳያግሙት ማዋስ ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጨረሻዋ ታሪክ የአንዲት እናት ናት። አንድ ቀን ወደ ክሊኒካችን መጡና «ልጄ፣ ወተቴ አልረጋ አለ» አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቅላቸው ውስጥ ቢያስቀምጡትም እንደ ነበረ ነው፤ አይኮመጥጥም፣ አይረጋም። ቅሉን ቀየሩ፣ በወይራ አጠኑ፣ ጠበል ረጩ። ላሟ ታማ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጡቷ አብጦ ነበር፤ አንድ ሰው መጥቶ መርፌ ወግቶላቸዋል፤ ጡቷም ድኗል። መርፌው መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ከአራት ቀን በፊት» አሉኝ። ወተቱን ለስንት ቀን መጠቀም እንደሌለባቸው የነገራቸው ሰው የለም።

ላሟ የተወጋችው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወደ ወተቱ ወጥቷል። እርጎ የሚሠሩት ባክቴሪያዎችም በመድኃኒቱ ሞተዋል፤ ስለዚህ ወተቱ አልረጋም። ያንን ወተት የጠጡ ልጆች ደግሞ ትንሽ ትንሽ መድኃኒት ጠጥተዋል፤ አንጀታቸው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም እንደዚሁ። በእንደዚህ ዓይነት ትንሽ መጠን ባክቴሪያ በሙሉ አይሞትም፤ የሚተርፈው መድኃኒቱን የለመደው ነው። ልጁ በታመመ ጊዜ መድኃኒቱ አልሠራ የሚለው በዚህ መንገድም ነው።

እኒያ እናት ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ «እና ቅሌ ምንም አልሆነችም?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልሆነችም አልኋቸው። እንዲያውም በዚያ ቀበሌ ውስጥ ወተት የሚመረምር ላቦራቶሪ አልነበረም፤ መድኃኒቱን ያገኘችው ቅሏ ናት። በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ወተቱን እንዲደፉት፣ ለጥጃዋም እንዳይሰጡት ነገርኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠርሙስ እርጎ ይዘውልኝ መጡ። ረግቷል።